ስኳርና ስንዴ የሌለበት የሎሚ ኬክ፦ ለእናቴ እንዴት እንደምጋግረው

የሎሚ ኬክ መዓዛውን የሚያገኘው ከልጣጩ ነው። ጭማቂው የሚጨምረው ኮምጣጣነቱን ነው። ይቺን የያዘ ሰው ስኳርም የስንዴ ዱቄትም ሳያስገባ ቤቱን የሚያውድ ኬክ መጋገር ይችላል።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። እናቴ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም አለባት። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በቤታቸው የስኳር ታማሚ ላላቸው ሰዎች ነው። በተለይ ቡና ሲፈላ፣ በዓል ሲመጣ፣ የልጅ ልደት ሲከበር ሰው ሁሉ ሲበላ እናታቸው ወይም አባታቸው እጃቸውን ሰብስበው ሲቀመጡ ማየት ለከበዳቸው።

በቅድሚያ የተለመደው ኬክ ምን እንደሚይዝ እንይ። ለአንድ መካከለኛ ኬክ 250 ግራም ያህል የስንዴ ዱቄትና 200 ግራም ያህል ስኳር ይገባል። የስንዴ ዱቄት ከ100 ግራሙ 75 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ሆድ ሲገባ ወደ ስኳር የሚለወጠው ክፍል ነው። ስኳሩማ ከሞላ ጎደል ሁለመናው ነው። ኬኩን 12 ቦታ ብትቆርጡት እያንዳንዷ ቁራሽ ከ30 ግራም ያላነሰ ካርቦሃይድሬት ትይዛለች። ቡና ላይ ሁለት ቁራሽ ደግሞ ሳይታወቅ ነው የሚበላው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ "እንግዲያው በጤፍ ይሠራ" ይላል። ጤፍ እወዳለሁ። ብረት አለው፣ ፋይበር አለው፣ ግሉተን የለውም። ግን የጤፍ ዱቄትም ከ100 ግራሙ ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ነው። ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሌላው ማር ነው። ጎጃም ውስጥ ማር መድኃኒት አይደለም ብሎ መከራከር ቀላል አይደለም። አንዲት የምናከብራቸው ጎረቤታችን "ኧረ ልጄ፣ ማር እኮ ከአበባ ነው፤ ምን ያደርጋታል?" አሉኝ። "እትዬ፣ ከአበባ ቢመጣም ሆድ ሲገባ ያው ስኳር ነው" አልኳቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር አለው። ቴምርም እንደዚያው ነው። ከተፈጥሮ መገኘቱ ብቻ ለስኳር ታማሚ ተስማሚ አያደርገውም።

ታዲያ በዱቄቱ ቦታ ምን ይግባ? ከውጭ የሚመጡት አሠራሮች በአብዛኛው የአልሞንድ ዱቄት ይላሉ። አልሞንድ እዚህ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። እኔ የምጠቀመው ኦቾሎኒና ተልባ ነው። ሁለቱም ገበያ ላይ በኪሎ ይሸጣሉ። ኦቾሎኒ ከ100 ግራሙ 16 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የማይፈጭ ፋይበር ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ ስኳር አይሆንም። ተልባ ደግሞ ይበልጣል። ካለው ካርቦሃይድሬት ዘጠና በመቶ የሚሆነው ፋይበር ነው። በዚያ ላይ ውሃ ሲነካው ይለጠልጣል፤ ያ ልጥልጡ ነው ኬኩን የሚይዘው። ስንዴ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ግሉተን ነው። እዚህ ግን ተልባውና እንቁላሉ ይተኩታል።

ኦቾሎኒ ስትገዙ አደራ፣ ቆማችሁ ምረጡ። ሻጋታ የነካው ኦቾሎኒ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል። መርዙ ጉበት ይጎዳል፤ ብትቆሉትም ብትጋግሩትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ የእርጥበት ሽታ ያለውን አታስገቡ። እኔ ቤት ወስጄ ሰፌድ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ እለቅማለሁ። አሰልቺ ነው፤ ግን የማይዘለል ሥራ ነው።

ከገዛችሁ በኋላ አትቁሉት። የተቆላ ኦቾሎኒ ጣዕሙ ይጎላና ሎሚውን ይውጠዋል። የፈላ ውሃ አፍስሱበትና ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቀዩን ቅርፊት በጣታችሁ እያሻሻችሁ አውልቁ። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አሰጡት። በበጋው የባሕር ዳር ፀሐይ በአንድ ቀን ድርቅ ይላል። በክረምት ግን ፀሐይዋን ማመን አይቻልም። ኦቨን ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት ማድረቅ ይሻላል። እርጥብ ከሆነ ሲፈጭ ይለጠፋል፤ ብዙ ከቆየም ይሻግታል።

አሁን ወደ ሎሚው። ዘጌ ልሳነ ምድር ከቡናውና ከጌሾው ጋር በሎሚው ይታወቃል። ገበያ ላይ የዘጌ ሎሚ ሲመጣ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ሎሚ የምትሸጥ አንዲት እናት ወፈር ያለ፣ ሸካራ ልጣጭ ያለውን እየመረጥኩ ሳነሳ አይታ "ልጄ፣ እሱ እኮ ውሃ የለውም፤ ለስላሳውን ውሰጂ" አለችኝ። ለሌላ ነገር ቢሆን ልክ ናት። ለስላሳውና ስሱ ጭማቂው ብዙ ነው። ለኬክ ግን የምፈልገው ወፍራሙን ነው፤ ሲፈቀፈቅ እጅ ይሞላልና። የኛ ትንሿ ሎሚ ቆዳዋ ስስ ስለሆነች መፈቅፈቂያው ላይ ሲጫኑ ወዲያው ነጩ ይደርሳል። ነጩ መራራ ነው። ስለዚህ ሳትጫኑ፣ ሎሚዋን እያዞራችሁ፣ ላይ ላዩን ብቻ አስነኩት። አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ማለፍ አያስፈልግም።

ከሎሚው ጋር የብርቱካን ልጣጭም እጨምራለሁ፤ ብርቱካን ስትገዙ አረንጓዴ መሆኑ አያሳስባችሁ። ሙቀት ባለበት አገር ብርቱካን በስሎም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ጥፍራችሁን ልጣጩ ላይ ጫን አድርጉና አሽትቱት። ዘይቱ ጣታችሁን ካረጠበውና ሽታው አፍንጫችሁን ካነቃው ይበቃል። ትርንጎ ካገኛችሁ ደግሞ እድለኛ ናችሁ። ጭማቂ የለውም ማለት ይቻላል፤ ልጣጩ ግን ወፍራምና መዓዛው ለስለስ ያለ ነው። እኔ ሳገኝ ከሎሚው ጋር አዋህደዋለሁ።

ጭማቂውን የምቆጥበው ለምንድን ነው? አንድ መካከለኛ ብርቱካን 15 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ የብርቱካን ጁስ 25 ግራም ገደማ ይደርሳል። የሎሚ ጭማቂ ግን ከ100 ሚሊ ሊትሩ 7 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ኬኩ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ከዚያ ግማሽ አይሞላም። ስለዚህ ከብርቱካኑ ልጣጩን ብቻ፣ ከሎሚው ልጣጩንም ጥቂት ጭማቂውንም እወስዳለሁ። የተላጠውን ብርቱካን ልጆቹ ይበሉታል።

ማጣፈጫው ላይ ጠንቀቅ በሉ። በስኳር ፋንታ የሚገቡት ስቴቪያና ኢሪትሪቶል የደም ስኳርን ከፍ አያደርጉም። ግን "ለስኳር ሕመምተኞች" ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም። ጀርባውን አንብቡ። ማልቶዴክስትሪን ወይም ዴክስትሮስ የሚል ካለ ሌላ ስም የያዘ ስኳር በሉት። ማልቲቶልም ከስኳር ያነሰ ቢሆንም የደም ስኳርን ይጨምራል። ባሕር ዳር ውስጥ ስቴቪያ በትልልቅ ሱፐርማርኬቶችና አንዳንድ ፋርማሲዎች ፈልጉ። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ካላችሁ ኢሪትሪቶል ላኩበት። ስቴቪያ በጣም ጥቂቱ ብቻ ይበቃል፤ ሲበዛ ምላስ ላይ የሚቀር ምሬት አለው። የሎሚ ልጣጭና ቁንጥር ጨው ያንን ምሬት ይሸፍኑታል። የሎሚ ኬክ ከሌሎቹ ከስኳር ነፃ ኬኮች ይልቅ የሚጣፍጠው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ልኬቱ እንዲህ ነው። 200 ግራም የተላጠ ኦቾሎኒ። 50 ግራም ተልባ፣ ማለትም ከግማሽ የሻይ ብርጭቆ ትንሽ ከፍ ያለ። ስድስት የፈረንጅ እንቁላል። የሀበሻ ከሆነ ትንንሽ ስለሆነ ስምንት። 80 ግራም ለጋ ቅቤ። የሦስት ሎሚና የሁለት ብርቱካን ልጣጭ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። 100 ግራም ኢሪትሪቶል፤ ስቴቪያ ከሆነ ማሸጊያው ላይ ባለው ልክ። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው፣ ከወደዳችሁ ቁንጥር የተፈጨ ኮረሪማ።

ስለ ቅቤው አንድ ነገር ልበል። ለጋ ያልኩት በምክንያት ነው። ወጥ የሚሠራበት፣ ቅመም የገባበት የተነጠረ ቅቤ ኮሰረቱና አብሹ ኬኩን ወደ ወጥ ይወስደዋል። ገበያ ላይ ያልተነጠረ ለጋ ካላገኛችሁ የሱፐርማርኬት የገበታ ቅቤ ይሠራል።

ተልባውን ለብቻው ለስለስ ባለ እሳት አሟሹት፤ እስኪንጣጣ ብቻ። ከዚያ ከኦቾሎኒው ጋር ቀላቅላችሁ ፍጩት። አብረው ሲፈጩ ተልባው የኦቾሎኒውን ዘይት ይመጥጣል። ብሌንደሩን ሳታቋርጡ አታዙሩት። ትንሽ አስነሡት፣ አቁሙት፣ በማንኪያ አገላብጡት፣ እንደገና አስነሡት። ያለማቋረጥ ከፈጫችሁት ዘይቱ ይወጣና የኦቾሎኒ ቅቤ ይሆናል። በወንፊት ንፉትና የቀረውን ሻካራ መልሳችሁ ፍጩ። ተልባ ከተፈጨ በኋላ ቶሎ ስለሚበላሽ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ፍጩ።

ቅቤውን አቅልጡና ለብ ሲል የተፈቀፈቀውን ልጣጭ እዚያ ውስጥ ጨምሩት። ከሁሉም በላይ እንዳትዘሉት የምለው ይህን ነው። የልጣጩ መዓዛ ያለው ዘይቱ ውስጥ ነው፤ ዘይት ደግሞ በቅባት ይሟሟል እንጂ በውሃ አይሟሟም። ለብ ባለ ቅቤ ውስጥ ሩብ ሰዓት ተከድኖ ሲቆይ ቅቤው ወደ ቢጫ ያደላል። ክዳኑን ስትከፍቱ ሽታው ወጥ ቤቱን ይሞላዋል። እየፈላ ያለ ቅቤ ላይ ግን አትጨምሩት፤ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።

እንቁላሉን ነጩንና አስኳሉን ለዩ። አስኳሉን ከማጣፈጫው ጋር እስኪገረጣ ምቱ። ቅቤውን ከነልጣጩ፣ የሎሚ ጭማቂውን፣ ጨውንና ኮረሪማውን ጨምሩበት። ከዚያ የተፈጨውን ከቤኪንግ ፓውደሩ ጋር አዋህዳችሁ አስገቡበት። ነጩን በሌላ ደረቅ ሳህን ምቱት። መምቻውን ስታነሡ ጫፉ ቆሞ ከቀረ ደርሷል። አንድ ጠብታ አስኳል እንኳ ከገባበት በደንብ አይነሣም። ይህን አረፋ ሦስት ቦታ ከፍላችሁ ከታች ወደ ላይ እያገላበጣችሁ አዋህዱት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ኬኩን የሚያነሣው በዋናነት ይህ አረፋ ነው።

ቤኪንግ ፓውደሩ አንድ ማንኪያ ብቻ የሆነው በከፍታችን ምክንያት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት። ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ጋዙ በቀላሉ ይለጠጣል። ኬክ በፍጥነት ያብጥና መሐሉ ሳይበስል ይሰረጉዳል። ከውጭ የተገኘ አሠራር አንድ ተኩል ማንኪያ ካለ ቀንሱለት።

22 ሳንቲ ሜትር በሚሆን መጋገሪያ፣ ከሥሩ የመጋገሪያ ወረቀት አድርጋችሁ፣ አስቀድሞ በሞቀ ኦቨን በ170 ዲግሪ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ጋግሩት። ወረቀት ከሌለ ለድፎ ዳቦ እንደምናደርገው የሙዝ ወይም የኮባ ቅጠል በእሳት ለብለብ አድርጎ ማንጠፍ ይቻላል። ላዩ ቶሎ ከጠቆረ በፎይል ሸፍኑት። ስንጥር ወግታችሁ ደርቆ ከወጣ አበቃ። ከቅርጹ ለማውጣት አትሩጡ። ግሉተን ስለሌለው ትኩሱን ከነካችሁት ይፈረካከሳል። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ ገልብጡት።

መብራት ከጠፋስ? የከሰል ምድጃ አለ። ወፍራም ብረት ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ንጹሕ ደረቅ አሸዋ አድርጉና አሙቁት። ኬኩን ከነቅርጹ አሸዋው ላይ አስቀምጡ፣ ክደኑት፣ ክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም ጨምሩበት። ከሥሩ እሳቱ መካከለኛ ይሁን። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ልክ እንደ ድፎው ላይና ታቹ እኩል ይበስላል። ከሰሉን ግን ክፍት ቦታ አድርጉት፤ በተዘጋ ክፍል ጭሱ ሰው ይገድላል።

እንግዲህ ሒሳቡ። ኬኩ 12 ቦታ ሲቆረጥ አንዷ ቁራሽ ፋይበሩ ተቀንሶ 2 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይኖራታል። ከ30 ግራም ጋር አነጻጽሩት። እናቴ ከመብላቷ በፊትና ከበላች ከሁለት ሰዓት በኋላ በቤት መለኪያዋ ለካች። ብዙም ፈቀቅ አላለም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የኔ እናት ሰውነትና የእናንተ አንድ አይደለም፤ እርግጡን የሚነግራችሁ መለኪያው ነው። ለአብዛኛው አዋቂ የስኳር ታማሚ ከምግብ በኋላ ከ180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች መሆን ይመከራል። የእናንተን ልክ ግን ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ካርቦሃይድሬቱ አነሰ ማለት ግን ቀላል ምግብ ነው ማለት አይደለም። ኦቾሎኒ፣ ቅቤና እንቁላል ነው። አንዷ ቁራሽ 200 ካሎሪ ያህል አላት። እናቴ "ይሄማ አይጎዳኝም ብለሽኛል" ብላ ሦስተኛውን ስታነሣ "እማዬ፣ ስኳርሽን ባይነካም ክብደትሽን ይነካል" እላታለሁ። አንድ በቡና፣ በቂ ነው።

መድኃኒት ለሚወስዱ ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው እንዲህ ያለውን ኬክ በምግብ ፋንታ ከበላ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ኬኩ ከምግብ በኋላ የሚቀመስ እንጂ ምሳ የሚተካ አይደለም። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ሰውየው ያን ጊዜ የሚያስፈልገው እውነተኛ ስኳር ነው፤ ይህ ኬክ አያድነውም። ሁለተኛው ግሬፕፍሩት ነው። ከአንዳንድ የኮሌስትሮልና የደም ግፊት መድኃኒቶች ጋር ስለማይስማማ በሎሚው ቦታ ለመተካት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ፋርማሲስታችሁን አማክሩ። ኦቾሎኒ የማይስማማው እንግዳ ካለም ሳትጠይቁ አታቅርቡ።

ኬኩ በማግስቱ ይበልጥ ይጣፍጣል። ተልባው እርጥበቱን ይዞ ስለሚያድር ይለሰልሳል፤ የሎሚው ሽታም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ውጭ ላይ ሁለት ቀን፣ ፍሪጅ ውስጥ አምስት ቀን ይቆያል። በግንቦት ሙቀት ግን ውጭ አታሳድሩት።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ጾም ነው። እንቁላልና ቅቤ ስላለበት ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም አይበላም። ለጾም ሌላ ዓይነት እሠራለሁ። በእያንዳንዱ እንቁላል ፋንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ አራስና እስኪለጠልጥ አቆየዋለሁ። በቅቤው ፋንታ ሽታው ያልበረታ ዘይት አደርጋለሁ። ልጣጩን እዚያው ለብ ባለው ዘይት ውስጥ እጨምራለሁ። እንደ ፍስኩ ከፍ አይልም፤ እንደ ቂጣ ወፈር ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ሰፋ ባለ ትሪ ላይ ሁለት ጣት በማይሞላ ውፍረት አሰጣዋለሁ፣ ሲበርድ አራት ማዕዘን እቆርጠዋለሁ። የሎሚውን ልጣጭ ግን ከሦስት ወደ አራት ከፍ አደርጋለሁ፤ ተልባው ሲበዛ ጣዕሙ ስለሚገንን።